በሱቃችን በር የሚገባው ቫይረስ፦ ለሰሜን ሸዋ ሞባይል ጠጋኞችና ለዞኑ ንግድ መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሰሜን ሸዋ ዞን የሞባይል ሽያጭና ጥገና ሱቅ ባለቤቶችና ሠራተኞች፣
ለዞኑ ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ እንዲሁም በየወረዳው ለሚገኙ ጽሕፈት ቤቶች፣

ደብረ ብርሃን

ጉዳዩ፦ በጥገና ሱቆች በኩል ወደ ደንበኞች ስልክ የሚገቡ ጎጂ አፖችን ስለ መከላከል

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የተከበራችሁ የመምሪያው ኃላፊዎች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ደብረ ብርሃን ጠባሴ አካባቢ ስልክ በመጠገን አሥራ አንድ ዓመት የሠራሁ ሰው ነኝ። በአደባባይ መጻፍ የመረጥሁት ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ነገሩ ከአንድ ሱቅ ያለፈ በመሆኑና ጥፋቱም ከእኔው እጅ የወጣ በመሆኑ ነው። ቀደም ሲል ወደ ሱቄ የሚመጣው ስልክ ስክሪኑ የተሰበረ፣ ውኃ የገባበት ወይም ቻርጅ የማይዝ ነበር። አሁን ግን አካሉ ደህና ሆኖ ውስጡ የታመመ ስልክ በዝቷል፤ ሳይደወልበት ካርድ የሚያልቅበት፣ ስክሪኑ ሳይከፈት ማስታወቂያ የሚዘረጋ፣ ኪስ ውስጥ ተቀምጦ የሚግል፣ ባለቤቱ የማያውቀው አገልግሎት የተመዘገበበት ስልክ ማለቴ ነው። ደንበኞቻችን ይህን ሁሉ «ቫይረስ ገባበት» ይሉታል። ከየት ገባ ብለው ሲጠይቁን ደግሞ «ከኢንተርኔት ነው» ብለን እናልፋቸዋለን። እኔ ግን በእጄ ካለፉት ስልኮች የተረዳሁት ሌላ ነው፤ የአብዛኛው መግቢያ የሩቅ አገር ጠላፊ ሳይሆን የእኛው ኬብልና የእኛው ሚሞሪ ካርድ ነው።

ወደዚህ ድምዳሜ ያደረሰኝ ባለፈው ክረምት የመጣ አንድ ስልክ ነው። ባለቤቱ ከመሐል ሜዳ ወገን ባና እና ዝተት የተባሉ የበግ ጠጉር ሥራዎችን እያመጡ የሚሸጡ እናት ናቸው። ስልኩን ከመቀነታቸው ፈትተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩና «ልጄ፣ ይኸ ነገር ካርድ ይበላብኛል፤ ሃምሳ ብር ሞልቼ አንድ ጊዜ እንኳ ሳልደውል ያልቃል» አሉኝ። ሲሙን ላወጣ የጀርባ ክዳኑን ስከፍት ባትሪው ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። በእስክሪብቶ የቴሌብራቸው ሚስጥር ቁጥር ተጽፎበታል። «ይህን ማን ጻፈው እማማ?» ብላቸው «እሱንማ አፕ የጫነልኝ ልጅ ነው የጻፈልኝ፣ እንዳይረሱት ብሎ» ሲሉ መለሱልኝ፤ ልጁንም መረቁት።

የአፖቹን ዝርዝር ስመለከት ከመካከሉ ስምም ምስልም የሌለው አንድ ባዶ ቦታ ነበር። ስነካው የተሰጠው ፈቃድ ተዘረዘረ፤ መልእክት ማንበብና መላክ፣ በሌሎች አፖች ላይ መደረብ፣ በተጨማሪም ለማየት ለሚቸገሩ ሰዎች የተዘጋጀውን የተደራሽነት አገልግሎት መጠቀም ይችላል። የማጥፊያው ቁልፍ ደብዝዟል፤ ቢነኩትም አይሠራም፤ አፑ ራሱን የስልኩ አስተዳዳሪ አድርጎ ተመዝግቦ ነበርና። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ ስንደርስ «ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም» ብለን የሰውየውን ፎቶና ስልክ ቁጥር ሁሉ እናጠፋለን። እኔ ስልኩን በሴፍ ሞድ አስነሣሁት፤ በዚህ አኳኋን ሲነሣ በኋላ የተጫኑ አፖች አይሠሩምና ከአስተዳዳሪነቱ ሽሬ ልነቅለው ቻልሁ። ጠቅላላ ሥራው ሩብ ሰዓት አልፈጀም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍሁ። ሚሞሪ ካርዱን ስከፍት ግን «ሙሉ ፓኬች» የሚል ማኅደር ታየኝ። «ፓኬጅ» ለማለት ነው፤ ይህን የፊደል ስሕተት የሠራሁት ደግሞ እኔ ነኝ። በ2012 ዓ.ም. ሰው ሁሉ የሚጠይቃቸውን አፖች በአንድ ማኅደር ሰብስቤ፣ በዚያ ወገን ሱቅ ለከፈተ ወዳጄ በፍላሽ ገልብጬለት ነበር። ያን ጊዜ ፋይሎቹ 43 ነበሩ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሌሎቹም የየራሳቸውን እየጨመሩበት እኚህ እናት ዘንድ ሲደርስ 71 ሆኗል። ስም የለሹን አፕ ተሸክሞ የገባው ፋይል ከተጨመሩት አንዱ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር። ከሱቄ ኮምፒዩተር ጋር ሳስተያየው ግን ከመጀመሪያዎቹ 43 አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ ቪዲዮ ማውረጃ ነው ተብሎ ስንት ዓመት ስጭነው የኖርሁት። በስንት ስልክ ላይ እንደ ጫንሁት መቁጠሪያ የለኝም።

ባልደረቦቼ፣ ይህ ልማድ እንዴት እንደ መጣ ሁላችንም እናውቃለን። ደንበኛው ስልክ ይገዛል፤ ዳታ ውድ ይሆንበታል፤ የኢሜይል አድራሻ የለውም፤ ስለዚህ ፕሌይ ስቶርን ሳይከፍት «ሁሉንም ጫንልኝ» ይለናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በቆየበት ጊዜ ደግሞ አፕ የሚገኝበት ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ፋይል ከስልክ ወደ ስልክ በሚያስተላልፉት በሼርኢትና በዜንደር፣ በሚሞሪ ካርድም ከሰው ወደ ሰው ዞረ። በእነዚያ ወራት ስልኮቹ የደኅንነት ማሻሻያ አላገኙም፤ በላያቸው ላይ ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ ፋይል ተከመረባቸው። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ልማዱ አብሮ አልሄደም፤ ምክንያቱም ለእኛ ገቢ ነው፣ ለደንበኛውም ይቀልለዋል።

ጉዳቱ የሚመጣበትን መንገድ በአንድ የሙያችን ምሳሌ ላስረዳ። እያንዳንዱ የአንድሮይድ አፕ የሠሪው ዲጂታል ፊርማ አለበት። አንድ ሰው አፑን ከፍቶ የራሱን ነገር ቢያስገባበት የቀድሞው ፊርማ ይፈርሳልና በራሱ ፊርማ እንደገና ማሸግ ግድ ይሆንበታል። ትክክለኛው አፕ ቀድሞ ባለበት ስልክ ላይ ይህን የታሸገ ፋይል ልትጭን ስትሞክር ስልኩ እንቢ ይላል፤ «አፕሊኬሽኑ አልተጫነም» የሚለውን መልእክት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያ መልእክት ብዙ ጊዜ ማስጠንቀቂያ ነው። እኛ ግን ምን እናደርጋለን? ትክክለኛውን አፕ እናጠፋና ሌላውን እንጭናለን፤ እንቢታው ይቀራል፤ ደንበኛውም አመስግኖ ይሄዳል። አዲስ ስልክ ላይ ደግሞ የሚነጻጸር ነገር ስለሌለ ስልኩ ከነጭራሹ አይከራከርም። እኔ ይህን በየሳምንቱ ሳደርግ ኖሬያለሁ፤ ያን መልእክት የስልኩ ችግር አድርጌ እቆጥረው ነበር እንጂ ከስልኩ የመጣልኝ ምክር አድርጌ አላየሁትም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ኖኪያ በያዝንበት ዘመን ቢሆን ኖሮ ጉዳቱ ቀላል በሆነ። በ1996 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የታየው ካቢር የተባለው የመጀመሪያው የሞባይል ትል በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ ባትሪ ከመጨረስ ያለፈ ብዙ ጉዳት አላደረሰም። ዛሬ ግን ስልኩ ቦርሳም ሆኗል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ባንኮቻችንም ሁሉ አፕ ካወጡ ወዲህ፣ የመንዝ ገበሬ የበጉን ዋጋ፣ የሸዋ ሮቢት ነጋዴ የሽንኩርቱን ሒሳብ በስልኩ ይቀበላል። መልእክት የማንበብ ፈቃድ የተሰጠው ጎጂ አፕ ከባንክ የሚላከውን የማረጋገጫ ቁጥር ባለቤቱ ሳያየው ያነብባል። መደረብ የሚችለው በእውነተኛው አፕ ላይ የሐሰት መግቢያ ዘርግቶ ሚስጥር ቁጥሩን ይቀበላል። የተደራሽነት ፈቃድ ያለው ደግሞ በባለቤቱ ፈንታ ስክሪኑን እየነካ ይሠራል። ከሦስቱ የምፈራው ይህንን የመጨረሻውን ነው፤ የማየት ችግር የሌለበት ደንበኛ ስልክ ላይ ይህ ፈቃድ ለማያውቁት አፕ ተሰጥቶ ካገኛችሁት ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

አንዳንድ ጊዜ ስልኩ ገና ከካርቶኑ ሳይወጣ የተበከለ ሊሆን እንደሚችልም መታወቅ አለበት። በነሐሴ 2012 ዓ.ም. ይፋ በሆነ ምርመራ፣ ኢትዮጵያን፣ ግብፅን፣ ጋናን፣ ካሜሩንንና ደቡብ አፍሪካን ጨምሮ በአፍሪካ በተሸጡ የቴክኖ ደብልዩ 2 ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የተባሉ ጎጂ ፕሮግራሞች ተገኝተው ነበር፤ ባለቤቱ ሳያውቅ ክፍያ ያለባቸውን አገልግሎቶች ይመዘግቡበት ነበር። አምራቹ ኩባንያ ችግሩ በአቅርቦት ሰንሰለቱ ውስጥ ካለ ሌላ ወገን የመጣ መሆኑንና ማስተካከያ መልቀቁን አስታውቋል። ይህን የማነሣው ያን የንግድ ምልክት ለማስጠላት አይደለም፤ እኔም የዚያው ኩባንያ ስልክ ይዣለሁ። ለሙያችን ያለው ትምህርት ግን ግልጽ ነው፤ በሲስተሙ ውስጥ የተቀመጠ ተባይ በፎርማት አይጠፋም፤ ስለዚህ ደንበኛውን ሦስት ጊዜ እያስከፈሉ ሦስት ጊዜ ፎርማት ማድረግ ከሐቅ የራቀ ሥራ ነው።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ይኸው ትሪያዳ ኤፍኤም ዋትስአፕ በተባለው የተሻሻለ የዋትስአፕ ቅጂ ውስጥ ተገኘ፤ እንዲህ ያሉ «ከዋናው ይሻላሉ» የተባሉ ቅጂዎች ዛሬም በየማኅደራችን አሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ በአንድሮይድ ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ መስሎ የሚላክ ነገር ግን አፕ የሆነ ፋይል ማስተላለፍ የሚያስችል ክፍተት እንደ ነበረ ታወቀ። ቴሌግራም በ10.14.5 እትሙ ዘግቶታል፤ ነገር ግን ማኅደራችን ውስጥ ያለው ቴሌግራም የስንት ዓመት ነው? የእኔ የ2012 ዓ.ም. ነበር።

ስለ ቫይረስ ማጥፊያ አፖች ብዙ አልልም። በእኔ ግምት በየሱቁ የምንጭናቸው «አጽጂ»ና «አፍጣኝ» የሚባሉት አብዛኞቹ ማስታወቂያ ከመሸከም ሌላ ሥራ የላቸውም፤ ጉግል በስልኩ ውስጥ በነጻ ያስቀመጠው ፕሌይ ፕሮቴክት ከእነርሱ ይሻላል፤ ከፕሌይ ስቶር ውጭ የተጫነውንም ይመረምራልና። የሚያሳፍረው ግን ማኅደራችን ውስጥ ያለውን አንዳንድ ፋይል ለመጫን ስንል ቀድመን የምናጠፋው እርሱን መሆኑ ነው፤ ጨርሰንም መልሰን አናበራውም። በመናኸሪያ ቻርጅ ማድረግ ስልክ ያስጠልፋል የሚለውን ስጋት ደግሞ ከልክ ያለፈ አድርጌ አየዋለሁ፤ እስከ ዛሬ በዚያ መንገድ የተጎዳ ስልክ አልመጣልኝም።

ከአፕ ውጭ ያለውን የስልክ ማታለል ሕዝቡ ከእኛ በላይ ያውቀዋል፤ «ሽልማት ደርሶዎታል» የሚለውንና «በስሕተት ብር ልኬብዎታለሁና ይመልሱልኝ» የሚለውን ያልሰማ የለም። አንዱ ግን ብዙ ስላልታወቀ ልጥቀሰው። ደዋዩ «ኔትወርክዎን ላስተካክልልዎ» ብሎ በ*21* የሚጀምር ቁጥር እንዲነኩ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ወደ እርስዎ የሚደወለው ሁሉ ወደ እርሱ ይዞራል። *#21# ብሎ መፈተሽ፣ ##002# ብሎም መሰረዝ ይቻላል። ለዚህ ማንም ጠጋኝ ገንዘብ ሊያስከፍል አይገባውም።

አሁን ወደምጠይቃችሁ ልግባ። ባልደረቦቼ፣ ማኅደሩን እንሰርዘው። እኔ የራሴን ሰርዣለሁ፤ ገቢዬ ቀንሷል፤ አልዋሽም። በምትኩ ሱቄ ውስጥ ዋይፋይ አስገብቼ ደንበኛው በራሱ የኢሜይል አድራሻ ከፕሌይ ስቶር እንዲያወርድ አደርጋለሁ፤ የማስከፍለው ለፋይሉ ሳይሆን ለጊዜዬና ለዳታው ነው። ዋይፋይ ለማስገባት አቅም የሌለው ባልደረባ ቢያንስ ከባንክ፣ ከቴሌብርና ከኤምፔሳ አፖች ጋር የተያያዘ ማንኛውንም ፋይል ከፍላሽ አይጫን፤ ደንበኛው በቀጥታ ያውርድ፣ ካልቻለም በ*127# ወይም በባንኩ አጭር ቁጥር ይጠቀም፤ ያለ አፕም ይሠራልና። ሥራችንን ስንጨርስ ካልታወቀ ምንጭ መጫን የሚፈቅደውን ማብሪያ እናጥፋ። ከአንድሮይድ 8 ወዲህ ይህ ፈቃድ ለእያንዳንዱ አፕ ለየብቻ ስለሚሰጥ፣ ለሼርኢት የሰጠነውን ለቴሌግራም የሰጠነው እንዳይመስለን አንድ በአንድ መታየት አለበት።

ሚስጥር ቁጥር አንጠይቅ፣ አንጻፍ፣ አንስማ። ደንበኛው በቅንነት ሊነግረን ሲጀምር ፊታችንን እናዙር፤ ሲጽፍም እጃችንን ከስልኩ እናንሣ። ይህን የምለው ሁላችንም ሌቦች ነን ብዬ አይደለም፤ ገንዘብ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቁጥሩን ያወቀ ሰው ስለሆነ ነው። ለሥራ የምንጠቀምባቸው የፍላሽ ማድረጊያ፣ ማለትም የስልኩን ሲስተም እንደገና የምንጭንባቸው ፕሮግራሞችም ጉዳይ አለ። ቁልፋቸው ተሰብሮ በነጻ የሚታደሉት ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ በውስጣቸው ሌላ ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ የሱቁ ኮምፒዩተር ከተበከለ ደግሞ በእርሱ በኩል የሚያልፈው ስልክ ሁሉ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሲስተሙንም ከአምራቹ ገጽ እንጂ ከማይታወቅ ቦታ አናውርድ።

ለመምሪያው የማቀርበው ጥያቄ ከባድ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። የጥገና ሱቅ ንግድ ፈቃድ ሲሰጥና ሲታደስ፣ ሱቁ ምንጩ ያልታወቀ አፕ እንደማይጭንና የደንበኛን ሚስጥር ቁጥር እንደማይመዘግብ የሚገልጽ አንድ ገጽ እንዲፈርም ይደረግ፤ ያው ገጽ በጉልህ ተጽፎ ግድግዳው ላይ ይለጠፍ፤ ደንበኛው አይቶ እንዲጠይቀን። በዞኑ ካሉ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ጋር በመነጋገር ለጠጋኞች የሁለት ቀን ሥልጠና ቢዘጋጅ፣ ከደብረ ሲናም ከዓለም ከተማም ከእንዋሪም የሚመጣ ጠጋኝ አይጠፋም፤ ብዙዎቻችን ሙያውን የተማርነው ከታላላቆቻችን ጎን ቆመን በማየት ስለሆነ፣ ያየነውን ስሕተትም አብረን ተምረነዋል። ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በገበያ ቀን በድምፅ ማጉያ የሚነገር አጭር ማስጠንቀቂያ ቢኖር፣ እንደኚያ እናት ያለው ሰው ባትሪው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ጉዳት እንደሚያመጣበት ቀድሞ ባወቀ ነበር።

ቁጥጥሩ በቅጣት እንዳይጀምርም አሳስባለሁ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እና የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥተዋል፤ ሆን ብሎ የሰው ስልክ ውስጥ የሚገባ፣ ፎቶ የሚገለብጥ፣ ገንዘብ የሚወስድ ሰው በሕግ ይጠየቅ። ነገር ግን ባለማወቅ ማኅደር ሲገለብጥ የኖረ የገጠር ከተማ ጠጋኝ በድንገት ሱቁ ቢታሸግበት፣ ሥራውን ቤቱ ውስጥ ተደብቆ ይቀጥላል፤ ያን ጊዜ ማኅደሩን የሚያይም የሚያስሰርዝም አይኖርም። መጀመሪያ ጊዜ ይሰጠን፣ እንማር፣ ከዚያ እንጠየቅ።

የእኚያ እናት ስልክ ከተጠገነ በኋላ አዲስ ሚስጥር ቁጥር ራሳቸው እንዲያወጡ ነገርኋቸው። ወረቀቱን ከባትሪው ላይ አንሥቼ በፊታቸው ቀደድሁት። «እና ብረሳውስ?» አሉኝ። የማይረሱትን፣ ግን የልደት ዓመት ወይም የስልካቸው መጨረሻ ያልሆነውን ቁጥር እንዲያስቡ አሳስቤ ወደ ውጭ ወጣሁ። ሲጠሩኝ ተመለስሁ፤ ቁጥሩን ሊነግሩኝ አፋቸውን ሲከፍቱ አስቆምኋቸው፤ ሥቀው ስልኩን መቀነታቸው ውስጥ መለሱት።

«ሙሉ ፓኬች» የሚል ማኅደር በሱቃችሁ የምታገኙ ባልደረቦቼ፣ ከእኔ የተነሣ መሆኑን ዕወቁና ሰርዙት። ስልክ ሲመጣ የሚፈተሹትን ፈቃዶችና በሴፍ ሞድ የመንቀሉን አሠራር በሁለት ገጽ በአማርኛ አዘጋጅቻለሁ፤ ሱቄ የመጣ ሁሉ በነጻ ሊወስደው ይችላል፤ መምሪያውም ለሥልጠና ከፈለገው አርሞና አባዝቶ ይጠቀምበት።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

አንድ የሞባይል ጥገና ባለሙያ
ጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን